9 ቁጥር የት ሄደ? ከመርዓዊ ቦይ እስከ ፒካፕ ፋይል

ነገሩ የጀመረው በጠብ ነው።

ከመርዓዊ ወጣ ብሎ አንድ የመስኖ ቦይ አለ። መርዓዊ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቆጋን ነው፤ ግድቡን፣ 7,000 ሄክታሩን። ይኸኛው እዚያ አይደርስም። ወንዝ ተጠልፎ የወጣ ትንሽ ቦይ ነው። ሽንኩርት፣ ድንችና ስንዴ ያጠጣል። ውሃው በተራ ነው። ተራ የሚያስጠብቁት የውሃ አባት ይባላሉ። ደብተር አላቸው፤ የማን ተራ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ በእጃቸው ይጽፋሉ።

እኛ ባሕር ዳር ያለን ሦስት ጓደኛሞች ነን። በቦዩ ላይ 11 ሴንሰር ተከልን። እያንዳንዱ በየ15 ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ለክቶ በሎራ፣ ማለትም በትንሽ ጉልበት ሩቅ በሚደርስ ሬዲዮ፣ ይልካል። መልእክቱ 20 ባይት ናት፦ የሴንሰሩ ቁጥር፣ ተራ ቆጣሪ፣ የውሃ ከፍታ፣ የባትሪ ሁኔታ፣ ሌላም ጥቃቅን ነገር። በቦዩ ራስ በኩል አንድ ቤት ጣሪያ ሥር አሮጌ ራውተር አስቀመጥን። ርካሽ የሎራ መቀበያ በዩኤስቢ ሰክተንበታል። የሴንሰሮቹን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሰርቨራችን የሚያሻግረው ጌትዌያችን እሱ ነው።

ለጥቂት ሳምንት ሰላም ነበር። ከዚያ 9 ቁጥር ጠፋ። አንድ ቀን ተኩል ያህል ድምፁ አልተሰማም። ማንም ሳይነካው ደግሞ ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ጠፋ፤ እንደገና ተመለሰ። 9 ቁጥር ከቦዩ ጭራ ላይ ነው ያለው። የጭራ ሰው ሁሌም ውሃ የሚያንሰው ነውና ነገሩ ወዲያው ጉርምርምታ አስነሳ። ክፋቱ፣ ሁለቱም ጊዜ የጠፋበት ሌሊት የአንድ ሰው ተራ ሆኖ ተገኘ።

የውሃ አባቱ ደውለው እንዲህ አሉን፦ «ማሽናችሁ ተኝቷል ወይስ ሰው አስተኝቶታል?»

መልስ አልነበረንም። ባትሪ ነው አልን። ባህር ዛፉ አድጎ ሲግናሉን ጋረደው አልን፤ በሜጫ ምድር ባህር ዛፍን መክሰስ ቀላል ነው፣ የትም አለ። ግን ግምት ነበር። ሰርቨራችን የሚያስቀምጠው የደረሰውን የውሃ ከፍታ ብቻ ነው። ያልደረሰው ለምን እንዳልደረሰ የሚናገር ምንም የለንም።

እና ወሰንን። ጌትዌዩ የሚሰማውን ሁሉ ወደ ፒካፕ ፋይል ይጻፍ። የተያዘ መልእክትን ባይት በባይት በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በዋየርሻርክ፣ ከፍተን እንየው።

የሌለው መሣሪያ

ፒካፕ ፋይል ማለት የኔትወርክ መልእክት የሚይዘው ፕሮግራም ቲሲፒደምፕ እና ዋየርሻርክ የሚግባቡበት ፋይል ነው። ቲሲፒደምፕ በ1988 በአሜሪካው ሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የተጀመረ አሮጌ ሰው ነው፤ ፋይሉም እንደሱ ቀላልና ቆጣቢ ነው። መጀመሪያ ላይ 24 ባይት አለ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም ለተያዘው መልእክት፣ 16 ባይት መግቢያ ይመጣል፦ ሰከንድ፣ ማይክሮ ሰከንድ፣ የተያዘው ርዝመት፣ የመጀመሪያው ርዝመት። ከዚያ ፓኬቱ ራሱ።

ነገሩ ያለው ከ24ቱ የመጨረሻዎቹ አራት ባይቶች ላይ ነው። እዚያ የተጻፈው ቁጥር የሊንክ ሌየሩን፣ ማለትም መልእክቱ የተጓዘበትን መስመር፣ ዓይነት ይናገራል። «እዚህ ፋይል ውስጥ ያለው ፓኬት ሁሉ በዚህ ዓይነት ሄደር ይጀምራል» ማለት ነው፤ ሄደር ከመልእክቱ ፊት የሚቀመጥ ማስታወሻ ነው። 1 ከሆነ ኢተርኔት፣ የገመዱ ኔትወርክ፣ ነው። 101 ከሆነ ሄደር የለም፣ በቀጥታ አይፒ ነው። 105 ዋይፋይ ነው። 127 ደግሞ ዋይፋይ ሆኖ ከፊቱ የሬዲዮ መረጃ የተለጠፈበት ነው፤ ራዲዮታፕ ይሉታል። ዋየርሻርክ ይህን ቁጥር አይቶ ያምናል። አይጠራጠርም፣ አይጠይቅም።

እኛ ደግሞ የናሙና ኮድ ገልብጠን ነው የጻፍነው። ናሙናው ላይ ቁጥሩ 1 ነበር። 1 አድርገን ተውነው።

ፋይሉ ተከፈተ። ዋየርሻርክ የኢተርኔት ሄደር ነው ብሎ የመጀመሪያዎቹን 6 ባይቶች የተቀባይ አድራሻ፣ ቀጣዮቹን 6 የላኪ አድራሻ፣ 2ቱን ደግሞ የፕሮቶኮል ዓይነት አድርጎ አነበበ። የኛ መልእክት የሚጀምረው በሴንሰር ቁጥርና በቆጣሪ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው አንድ በጨመረ ቁጥር አድራሻው ይቀየራል። በየ15 ደቂቃው አዲስ መሣሪያ ይወለዳል! አንደኛው ጓደኛችን «ሰው ኔትወርካችን ውስጥ ገብቷል» ብሎ ግማሽ ቀን ሙሉ የሌለ መሣሪያ ሲያሳድድ ዋለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ጥፋቱ ሲገባን ማስተካከያው የአንድ ባይት ሥራ ነበር። ለግል ጥቅም የተተዉ ቁጥሮች አሉ፦ ከ147 እስከ 162፣ 16 ናቸው። ማንም ሳያስፈቅድ ለራሱ ሥራ መጠቀም ይችላል። 147ን ወሰድን። የያዝናቸውን ፋይሎች በሄክስ ኤዲተር ከፍተን 01 የነበረችውን ባይት 93 አደረግናት፤ 147 በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት፣ ሲጻፍ 93 ነው። ኤዲትካፕ የሚባለው የዋየርሻርክ አጋዥ ፕሮግራምም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። እኛ ግን በእጃችን ማየት ፈለግን።

ፓኬቱ የማያውቀውን ማን ይናገር?

147 ብለን ከሰየምን በኋላ ጥያቄው መጣ። ፓኬቱ በምን ሄደር ይጀምር?

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ሰው ሄደር ሲባል ላኪው የጻፈው ነገር ብቻ ይመስለዋል። በሬዲዮ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። 9 ቁጥር ሴንሰር ድምፁ እኛ ጋ ምን ያህል ደክሞ እንደደረሰ አያውቅም። በስንት ጫጫታ መሀል እንደተሰማም አያውቅም። ያን የሚያውቀው ተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ካልጻፈው ደግሞ ወዲያው ይጠፋል፤ ከአየር ላይ ተመልሶ አይለቀምም። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ተቀባዩ በእያንዳንዱ መልእክት ግንባር ላይ የሚለጥፈው ማስታወሻ ነው። ራዲዮታፕ ለዋይፋይ የሚሠራው ይኸንኑ ነው።

የመጀመሪያው ሄደራችን አምስት ነገር ነበረው። ስርጭት መጠን (ሎራ ምን ያህል አዝግሞ እንደሚልክ የሚወስነው ቁጥር) 1 ባይት፣ ፍሪኩዌንሲ 4 ባይት፣ የሲግናል ጉልበት 1 ባይት፣ የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት 1 ባይት፣ የመልእክቱ ርዝመት 2 ባይት። ደምሩት፤ 9 ባይት። በሲ ቋንቋ ስትራክት፣ ማለትም ቁጥሮቹን በአንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል፣ አድርገን ጻፍነው፤ ስትራክቱን እንዳለ ወደ ፋይሉ ደፋነው። ለዋየርሻርክም በሉዋ ቋንቋ ትንሽ ማንበቢያ ጻፍንለትና ከ147 ጋር አገናኘነው።

የመጀመሪያው ፓኬት ሲከፈት ፍሪኩዌንሲው 51 ኸርዝ ይላል።

868.1 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የምንሠራው። 51 ኸርዝ ማለት ከግድግዳው ሶኬት ከሚመጣው ከመብራቱ አንድ ብቻ የሚበልጥ ነው። ተሳሳቅን። ከዚያ ባይቶቹን አንድ በአንድ አየን። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሄደር 9 ሳይሆን 12 ባይት ነው። ኮዳችንን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ለራሱ አመቺ እንዲሆን ከስርጭት መጠኑ ቀጥሎ ሦስት ባዶ ባይት ሰክቷል፤ አራት ባይት የሚይዝ ቁጥር በአራት የሚካፈል ቦታ ላይ እንዲጀምር ነው ምክንያቱ። ማንበቢያችን ያን አያውቅም። ሦስቱን ዜሮዎችና የፍሪኩዌንሲውን የመጀመሪያ ባይት ብቻ አንብቦ ወጣ። ያቺ ባይት 33 ናት፤ በሄክስ 33 ማለት 51 ነው።

ይህ ገና ተስተካክሎ ሳያልቅ ሌላው መጣ። ባሕር ዳር ጠረጴዛችን ላይ ለሙከራ ራስበሪ ፓይ አለን። ያው ኮድ እዚያም ይሠራል። ከራውተሩ የመጣው ፋይል የመልእክቱ ርዝመት 20 ነው ይላል። ከፓዩ የመጣው 5120 ይላል። ኮዱ አንድ፣ መልእክቱ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት።

አሮጌው ራውተር የሚፕስ ፕሮሰሰር ነው ያለው፤ ትልቁን ባይት ያስቀድማል። ፓዩ ትንሹን ያስቀድማል። 20 በሁለት ባይት በሄክስ ሲጻፍ 00 14 ነው። ሲገለበጥ 14 00 ይሆናል፤ ያም 5120 ነው።

«ፒካፕ ይህን አይፈታም እንዴ?» አልኩ። የፋይሉ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች እኮ ለዚህ ነው የተቀመጡት። ወይ «ኤ1 ቢ2 ሲ3 ዲ4» ወይ ተገልብጠው «ዲ4 ሲ3 ቢ2 ኤ1» ይሆናሉ። አንባቢው ከዚያ ተነስቶ የጻፈው ማሽን ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን የሚያስተካክለው የፋይሉን የራሱን ቁጥሮች ነው። የኛን ሄደር ውስጡን አያውቅምና አይነካም። እዚያ ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል መወሰን ሄደሩን የፈጠረው ሰው ዕዳ ነው።

ጀማሪ ስለሆንን ብቻ አይደለም ደግሞ። ከሊንክ ሌየር ቁጥሮቹ ሁሉ የመጀመሪያው፣ 0 ራሱ፣ ይኸው ችግር አለበት። ቢኤስዲ በሚባለው፣ ከበርክሌይ በወጣው የኦፕሬቲንግ ሲስተም ቤተሰብ ማሽኖች ላይ ራስ ለራስ የሚላክን ትራፊክ ለመያዝ የወጣ ነው። 4 ባይት ብቻ ነው፤ ግን የሚጻፈው በያዘው ማሽን ቅደም ተከተል ነው። ይባስ ብሎ አይፒ ቨርዥን 6ን የሚያመለክተው ቁጥር ኔትቢኤስዲ ላይ 24፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ 28፣ ማክ ላይ 30 ነው። አንባቢው ሦስቱንም መቀበል አለበት። ኦፕንቢኤስዲ ለዚሁ ሥራ የሚጠቀምበት 108 ቅደም ተከተሉ በኔትወርክ ደንብ የተወሰነ ነው። በርክሌይ ቤተሰብ ውስጥ ያሉትን ያሳሳተ ነገር እኛን ቢያሳስት አያሳፍርም።

ሦስተኛዋን ስህተት እወዳታለሁ። የሲግናል ጉልበት አሉታዊ ቁጥር ነው፤ አንድ ባይት እስከ 128 አሉታዊ ድረስ ይይዛል አልን። በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ልክ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሎራ በጣም የደከመ ድምፅ መስማት ይችላል። 9 ቁጥር አንድ ቀን በ131 አሉታዊ መጣ። ባይቷ ሞልታ ፈሰሰች፤ 125 አዎንታዊ ሆኖ ተጻፈ። ከሁሉ የደከመው ሴንሰር ከሁሉ ጎልቶ ቁጭ አለ። ለዚች ቁጥር ሁለት ባይት ሰጠናት።

ወረቀቱ

በዚያ ሰሞን ዳታ አልነበረም። ጉግል የለ፣ ፎረም የለ። እና ሦስታችን ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ኮድ ሳንነካ እያንዳንዷን ባይት ጻፍን። ከየት ትጀምራለች፣ ስንት ናት፣ አሉታዊ ትሆናለች ወይ፣ መለኪያዋ ምንድን ነው?

የወጣው ሄደር 16 ባይት ነው። የመጀመሪያዋ ባይት ቨርዥን ናት። ሁለተኛዋ ባዶ ናት፤ ባዶ መሆኗ ግን ተጽፏል፣ ኮምፓይለር አልሰጠንም። ቀጥሎ የሄደሩ ጠቅላላ ርዝመት፣ 2 ባይት። ይህን ከራዲዮታፕ ነው የወሰድነው። ነገ ሄደሩ ቢረዝም አሮጌው ማንበቢያ የማያውቀውን ዘሎ ወደ መልእክቱ ይደርሳል። ከዚያ ፍሪኩዌንሲ 4፣ የሲግናል ጉልበት 2፣ የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት 1፣ ስርጭት መጠን 1። አንድ ባይት ለምልክቶች። ሦስት ለወደፊት። የመልእክቱን ርዝመት አወጣነው፤ የፒካፑ 16 ባይት መግቢያ ያንኑ ይናገራልና። ሁሉም ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ የትም ማሽን ላይ ይጻፍ። ስትራክት መድፋት ቀረ፤ ባይት በባይት ነው የምንጽፈው።

ምልክቶች ያልናት ባይት ላይ ተከራክረናል። የመቀበያው ድራይቨር፣ ማለትም መቀበያውን የሚያዘው ፕሮግራም፣ የተበላሸ መልእክት ሲሰማ ዝም ብሎ ይጥለዋል። እኔ «የተበላሸ ለምን ይጠቅመናል?» አልኩ። ያ መሣሪያ ሲያሳድድ የዋለው ጓደኛዬ አልተስማማም። አንዷ ቢት «ይህ መልእክት ተበላሽቶ ነው የደረሰው» ትበል፤ ድራይቨሩም ይልቀቀው አለ። እሱ ልክ ነበር።

አንድ ቀን ተኩል

9 ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ሄደሩ ሥራ ላይ ነበር።

ፋይሉን ይዘን መጣን። መጀመሪያ ሰዓቱ አጣላን። የውሃ አባቱ ደብተር ሌሊት 8 ሰዓት ይላል። ፒካፕ ሰዓቱን በግሪንዊች ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ያው ቅጽበት ፋይሉ ላይ በፊተኛው ቀን 23፡00 ነው። ያንን አስታረቅን። ከዚያ ወደ ፓኬቶቹ ገባን።

መጀመሪያ ያየነው የ9 ቁጥርን ቆጣሪ ነው። ከመጥፋቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ያለው ልዩነት 128 ያህል ነው። በየ15 ደቂቃው ለ32 ሰዓት ብትልክ 128 ነው። ሴንሰሩ አልተኛም ማለት ነው። ባትሪውን የነቀለ ሰው ቢኖር ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምር ነበር። አንዱን መልእክት ሳይዘል ሲጣራ ነው ያደረው።

ታዲያ ማን አፈነው? ያቺ ቢት ናት የተናገረችው። ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ ለ16 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው አንድ የተበላሸ መልእክት ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ደህና ናቸው፤ የሴንሰር ቁጥር 9 ይላሉ። ከመሀል በኋላ ድብልቅልቅ ነው። በዚያው ሰዓት 4 ቁጥርም የለም! የ4 ቁጥርን መጥፋት ማንም አላስተዋለም፤ የጭራ ሰው ነዋ የሚጮኸው። ከ16 ሰዓት በኋላ የተበላሸው መልእክት ይቆማል፤ 4 ቁጥር ደህና ይመጣል፤ 9 ግን ሌላ 16 ሰዓት ጭልጥ ብሎ ይጠፋል።

ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል። እኛ በመረጥነው አዝጋሚ ስርጭት መጠን 20 ባይት አየር ላይ 1.3 ሰከንድ ያህል ይቆያል። የሴንሰሮቹ ሰዓት ርካሽ ክሪስታል ነው። የፓኬቶቹን ጊዜ ስናመሳክር 9 ቁጥር ከ4 ቁጥር አንጻር በየቀኑ 2 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ቀስ እያለ ወደ 4 ይጠጋል። ሲደርስበት ሁለቱም አብረው ይጣራሉ። መጀመሪያ 9 ቀድሞ ይጀምራል፤ መቀበያው እሱን ማድመጥ ሲይዝ ቅርቡና ጉልበተኛው 4 መሀል ላይ ገብቶ ያበላሸዋል። መቀበያው አንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሁለቱም ይቀራሉ። በኋላ ተራው ይገለበጣል። 4 ይቀድማል፤ ጎልቶ ስለሚሰማ ይድናል፤ 9 ከሥሩ ይሰጥማል። 1.3 ሰከንዱን በ2 ሰከንድ ስታካፍለው 16 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ 16 ሰዓት፣ አንድ ቀን ተኩል የሚደርስ።

11 ሴንሰር ማለት 55 ጥንድ ነው። አንዱ ጥንድ ሲላቀቅ ሌላው ይገጥማል። በአብዛኛው የሚሸነፈው የሩቁ ነው፤ የሩቁ ደግሞ 9 ነው።

የውሃ አባቱ ጋ ሄደን በሴንሰር ቁጥርና በደብተራቸው ሰዓት አስረዳናቸው። ረጅም ዝም አሉ። «እንግዲያ ያንን ሰውዬ በከንቱ ነዋ የጠረጠርነው» አሉ። የዚያን ሌሊት ውሃ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ግን ሄደሩ አይመልስም። ያ ልኬት አየር ላይ ቀርቷል። ሴንሰሩን ሰው እንዳልነካው ብቻ ነው የምናውቀው።

ላፕቶፓችን ውስጥ የነበረው

ሁለት ነገር ላክል።

147ን ባሕር ዳር ያለ ሌላ ወዳጃችንም ለመብራት ቆጣሪ ንባብ ይጠቀምበት ኖሯል። ፋይላችንን ስንልክለት የሱ ማንበቢያ ከፈተው፤ ሴንሰሮቻችን የመብራት ክፍያ አወጡ። የግል ቁጥር ከቤት ሲወጣ እንዲህ ነው። ለሕዝብ የሚሆን ቁጥር ከቲሲፒደምፕ ሰዎች ነው የሚጠየቀው፤ ሲጠየቅም የሄደሩ ዝርዝር ለማንም በሚነበብ መልኩ መቅረብ አለበት።

ሁለተኛው የበለጠ ያናድዳል። ዳታው ሲመለስ ለሎራ የወጣ ቁጥር እንዳለ አገኘን። 270፣ ሎራታፕ። ቨርዥን አለው፣ ርዝመት አለው፣ ትልቁን ባይት ያስቀድማል። የሲግናል ጉልበቱን በአንድ ባይት ነው የሚይዘው፤ ግን ከ139 አሉታዊ ተነስቶ እየደመረ ስለሚቆጥር እንደኛ አይፈስም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ዝርዝሩን ለማግኘት ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ቲሲፒደምፕ የሚሠራበት የሊብፒካፕ ላይብረሪ የልማት ፓኬጅ ሲጫን ቁጥሮቹ ሁሉ ከነማብራሪያቸው አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ይመጣሉ። ላፕቶፓችን ላይ ተጭኖ ነበር። ማንም አልከፈተውም።

አሁን ፋይሎቻችንን ለሌላ ሰው ስንልክ ወደ 270 የምትቀይር ትንሽ ስክሪፕት አለችን። ሜዳ ላይ ግን የራሳችንን ይዘን ቀጥለናል፤ ስንፍናም አለበት።

የሴንሰሮቹ መፍትሔ ሦስት መስመር ኮድ ነው። እያንዳንዱ ከመላኩ በፊት ከ0 እስከ 30 ሰከንድ በዘፈቀደ ይጠብቃል። ቢጋጩም አንድ ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው ይላቀቃሉ። ችግሩ መጫኑ ነበር። ላፕቶፕ ይዞ ከቦዩ ራስ እስከ ጭራ በእግር፣ ሣጥን በሣጥን፣ ሁለት ቀን ፈጀብን። 9 ቁጥር ጋ በመጨረሻ ደረስን። ሣጥኑን ስንከፍተው ባትሪው ሥር ጉንዳን ቤቱን ሠርቷል። ገመዱ ላይ ግን አልደረሰም። ጠረግነው፣ ኮዱን ጫንን፣ ክዳኑን በሲሊኮን አሽገን ተመለስን።